መስታወቱን የሸፈነው ፎጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አእምሮ ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አንድ ነገር ስለጎደለው ነው የምጽፈው።

ታናሽ እህቴ ትራንስጀንደር ናት፤ ስትወለድ ወንድ ተብላለች፣ እሷ ግን ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የክፍሏን መስታወት በፎጣ ሸፍና ኖራለች። አንድ ቀን ላነሳው ስል እጄን ያዘችኝ። «ተዪው፣ ራሴን ማየት ያስጠላኛል» አለችኝ። ያን ቀን ማንም አልሰደባትም። ስድቡ ውስጧ ገብቶ በራሷ ድምፅ ነበር የሚናገራት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው አዲሱ የበሽታዎች ምደባ፣ ትራንስጀንደር መሆን ከአእምሮ ሕመሞች ተርታ ወጥቷል። ድብርቱና ጭንቀቱ ግን እውነተኛ ነው። የሚያባብሰው ንቀቱ፣ መደበቁ፣ «ዛሬስ ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ስጋት ነው።

«ጠንካራ ናት» ይሉኛል። አዎ፣ ናት። ግን ብርታቱን ብቻዋን አላመጣችውም። የሚሰማት የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘች፤ እንደ እሷ ካሉ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመረች። እኔም በመረጠችው ስም ጠራኋት። ለዚያች አንዲት ቃል ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መጀመሪያ የጠራኋት ቀን ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ ድገሚው» አለችኝ።

ፎጣው አሁን መታጠቢያ ቤት ተሰቅሏል።

ታላቅ እህቷ