ጉዳዩ፦ ከሜሞሪ ቺፖቹ ጋር የማይስማማ ባዮስ ስለተጫነበት ግራፊክስ ካርድ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ግራፊክስ ካርዱ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው የኮምፒውተሬ ክፍል) መቼ እንደተሸጠልኝና መቼ ለጥገና እንደገባ በመዝገባችሁ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ባለው ሱቃችሁ የተደረገብኝ ነው።

ካርዱን በተረከባችሁ ዕለት ቴክኒሻናችሁ ካርዱ ቀደም ሲል ለክሪፕቶ ማይኒንግ (በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት) ያገለገለ መሆኑንና ባዮሱ፣ ማለትም ካርዱን የሚያስነሣው በውስጡ የተጫነ ትንሽ ፕሮግራም፣ ለዚያ ሥራ ተብሎ የተነካካ መሆኑን ነግሮኝ፣ የፋብሪካውን ባዮስ መልሶ እንደሚጭን አስረዳኝ። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መረብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ማይኒንግን ከተወ በኋላ እንዲህ ያሉ ካርዶች በብዛት ለገበያ መቅረባቸውን ስለማውቅ አልተከራከርኩም፤ ሲሸጥልኝ ለምን እንዳልተነገረኝ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ያን ዕለት የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ያለው ባዮስ ቅጂ እንዲቀመጥና አዲሱ ከካርዱ ሜሞሪ ጋር የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ እንዲረጋገጥ። እሱም «ሳናይ አንነካውም» ብሎ ቃል ገባልኝ፤ በመረከቢያ ወረቀቱም ላይ «የባዮስ ቅጂ ይቀመጥ» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈበት። ወረቀቱ ዛሬም በእጄ ይገኛል።

ማክሰኞ ዕለት ይህንኑ ቅጂ ስጠይቀው «የቱ ቅጂ?» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሳሳየው አንብቦ ሳይጨርስ መለሰልኝና፣ ሌሎች ደንበኞች እየሰሙ፣ በዕድሜ አባቱ ልሆን የምችለውን ሰው «ስምንት ጊጋ ስምንት ጊጋ ነው፤ የሜሞሪው ስም ምን ያደርግልሃል? ካልተስማማህ ውሰደው» ብሎ ካርዱን ያለ ምንም መሸፈኛ በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ገፋልኝ። እርስዎም በዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

የሜሞሪው ስም የሚያደርገውን እነሆ እገልጻለሁ። ካርዴ ባለ ስምንት ጊጋባይት አርኤክስ 580 ነው፤ በላዩ እያንዳንዳቸው አንድ ጊጋባይት የሚይዙ ስምንት የጂዲዲአር5 (የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ዓይነት) ቺፖች አሉ። ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ቺፖች በመጠን እኩል ቢሆኑም፣ በእያንዳንዱ ፍጥነት መረጃ ለማንበብና ለመጻፍ የሚፈልጉት የጊዜ ልክ ይለያያል። ስለዚህ ባዮሱ ውስጥ ለየቺፑ ዓይነት የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለ፤ ካርዱ ሲነሣ ቺፖቹ የማን ሥሪት እንደሆኑ ይለይና ለእነሱ የተመደበውን ይወስዳል። የእኔ ካርድ ቺፖች የሃይኒክስ ናቸው፤ ለእናንተ ከማስረከቤ በፊት የካርዱን ዝርዝር በሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ በተባለ ፕሮግራም ያነሣሁት ምስል ይህንኑ ያሳያል። እናንተ የጫናችሁትን ባዮስ የባዮስን ይዘት በሚያሳየው ፖላሪስ ባዮስ ኤዲተር በተባለ ፕሮግራም ስከፍተው ግን በሜሞሪ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ኬ4ጂ80325ኤፍቢ የተባለው የሳምሰንግ ቺፕ ብቻ ነው። ሃይኒክስ የሚባል ነገር በውስጡ የለም።

ቴክኒሻኑ «አብርተን አይተነዋል፣ ይሠራል» ማለቱም ምንም አያረጋግጥም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሜሞሪው በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚሠራ ስክሪኑ ደህና ይመስላል። ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ገብቶ ሜሞሪው ወደ 2000 ሜጋኸርትዝ ሲወጣ ግን ስክሪኑ በባለቀለም ነጥቦችና መስመሮች ይሞላል፤ ወዲያውም ይጨልማል። ይህን የማየው ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሮዬ ለደንበኛ የማስረክበው የሕንፃ ዲዛይን ምስል ተጀምሮ ሳያልቅ በቆመበት ነው። አንድ ከባድ ፕሮግራም ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ስህተቱን ያኔውኑ ያሳየው ነበር።

በዚህ ላይ ስልካችሁ አይነሣም፤ ሲነሣም «ነገ ይደርሳል» ከማለት ያለፈ መልስ የለም። ለከፈልኩት የጥገና ዋጋ ደረሰኝ እንዲሰጠኝ ደጋግሜ ጠይቄ አልተሰጠኝም። የማቀዝቀዣው ብሎኖችም ጎድለው ተመልሰዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ማቀዝቀዣው ከካርዱ ዋና ቺፕ ጋር በደንብ ካልተጣበቀ ካርዱ ይግላል።

ስለዚህ ተቀመጠ የተባለው የቀድሞው ባዮስ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ ቅጂው ከሌለም ይህ በጽሑፍ ተገልጾልኝ ለዚሁ የካርድ ሞዴል የወጣና የሃይኒክስ ሰንጠረዥ ያለው ባዮስ እኔ ባለሁበት እንዲጫንና በሥራ ጫና ውስጥ እንዲፈተሽ እጠይቃለሁ። የጎደሉት ብሎኖች እንዲሟሉና ደረሰኙም እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ። ካርዱ ከዚህ በኋላ በትክክል የማይሠራ ከሆነ የካርዱም ሆነ የጥገናው ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ። ቴክኒሻኑ በደንበኞች ፊት ለተናገረኝ ነገር ድርጅቱ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቀኝም እሻለሁ፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር፣ ነገር ግን የእርስዎ ዝምታ እንድጠይቅ አድርጎኛል።

እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ፣ የመረከቢያ ወረቀቱንና ምስሎቹን አያይዤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለአዲስ አበባ ከተማ ንግድ ቢሮ አቤቱታ የማቀርብ መሆኔን አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ