ጉዳዩ፦ ኮኪ ቢች ተብሎ ማገንስ ቤይ ስለተወሰድንበት የሴንት ቶማስ ጉብኝት

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእናንተ በኩል በመርከብ ስንጓዝ፣ ካሪቢያን ባህር ላይ ባለችው የሴንት ቶማስ ደሴት (የአሜሪካ ቨርጂን አይላንድስ) ዓሣ ወደሚታይበት ኮኪ ቢች ልትወስዱን ቃል ገብታችሁ ማገንስ ቤይ ወሰዳችሁን። የቀረው ዝርዝር ፋይላችሁ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። ደረሰኙ አለ፤ የተላላክናቸው መልእክቶች አሉ። "ነገ እንደውልልዎታለን" የተባልኩባቸው ጥሪዎችም የሆነ ቦታ ተመዝግበው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ትናንት ግን የእህቴ ልጅ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከእናንተ የፌስቡክ ገጽ ላይ ያገኘችው ነው። ፎቶው ላይ ያሉት እናቴ ናቸው። ማገንስ ቤይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የእናንተው የውሃ መነጽር አለ፤ ከላስቲኩ እንኳ አልወጣም። ከፎቶው ሥር የጻፋችሁት እንዲህ ይላል፦ "ደንበኞቻችን በካሪቢያን ከዓሣ ጋር ሲዋኙ! ለፋሲካው ጉዞ ቦታ ሳያልቅ ይመዝገቡ።"

ከየትኛው ዓሣ ጋር?

ከመነሳታችን በፊት ለቢሮአችሁ ልጅ በስልክ ያልኩትን ላስታውሳችሁ። ሴንት ቶማስ ላይ ቢች ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ለሁሉ ነገር አይሆንም። ማገንስ ቤይ ለመዋኘትና ለመንጋለል የሚመረጥ ነው። አንድ ማይል ገደማ ነጭ አሸዋ፣ ረጋ ያለ ውሃ። ለስኖርክሊንግ፣ ማለትም መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣ ለማየት ግን፣ ታችኛው አሸዋ ብቻ የሆነ ቦታ ምን ያደርጋል? ዓሣው የሚውለው ድንጋይና ኮራል (ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር) ባለበት ነው። ምግቡም መደበቂያውም እዚያ ነው። ለዚህ ነው መነጽር የያዘ ሰው ወደ ደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚሄደው፤ ወደ ኮኪ፣ ወደ ሳፋየር፣ ወደ ሲክሬት ሃርበር። ጊዜና ጉልበት ያለው ደግሞ ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ሴንት ጆን ይሻገራል። እዚያ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው ትረንክ ቤይ ውሃ ሥር ጽሑፍ የተተከለበት የስኖርክሊንግ መንገድ አለው። እሱን ራሴ ሰረዝኩት። ከመርከብ ወርዶ ታክሲ፣ ከሬድ ሁክ ወደብ ጀልባ፣ ሴንት ጆን ላይ ከክሩዝ ቤይ እንደገና ታክሲ፤ በእናቴ ጉልበት የሚሆን አይደለም። መርከቡም አይጠብቅም።

ኮኪን የመረጥኩት በእናቴ ምክንያት ነው። ዋና አይችሉም። ኮኪ ላይ ግን ዓሣው ዳር ድረስ፣ ቆመው በሚያዩት ውሃ ውስጥ ይመጣል። ፊትን ነከር ማድረግ ብቻ ይበቃል። ለዚህም ቤት ውስጥ ተለማምደዋል። ሳፋ ሙሉ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ መነጽር አድርገው፣ ቱቦ ነክሰው ፊታቸውን ይነክሩ ነበር። ልጆቹ ሳፋው ውስጥ ሳንቲም ይጥሉላቸዋል፤ እሳቸው ቀና ሳይሉ በቱቦው ውስጥ "አየሁት!" ይላሉ። ይህም አልሆን ቢላቸው ከቢቹ አጠገብ ኮራል ወርልድ የሚባል የባህር እንስሳት መጎብኛ አለ። ባህሩ ውስጥ የተሠራ ግንብ አለው። ሰው በደረጃ ይወርድና በመስኮት ዓሣውንና ኮራሉን ያያል፤ ልብሱ ጠብታ አይነካውም። ልጆቹ ውሃ ውስጥ፣ እናቴ መስኮቱ ጋ። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። "እህቴ፣ ምንም አያስቡ፤ ኮኪ ነው የምንወስዳችሁ፤ የኮራል ወርልድ ትኬትም በእኛ ነው" አለኝ። በጽሑፍ ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። ዋትስአፑ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ፤ ከመጨረሻው አውራ ጣትና ከአበባው ጋር። በዚያ መልእክት ላይ ተማምኜ ነው ለአራታችን 480 ዶላር የከፈልኩት። መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን የኮኪ ጉብኝት የተውኩትም በዚያው ነው።

ዕለቱ ደረሰ። ሃቨንሳይት ወደብ ላይ ወረድን። ጎኑ ክፍት የሆነው ታክሲ ቆሞ ይጠብቀናል። ተሳፈርን። (በነገራችን ላይ እዚያ አገር መኪናው እንደ አሜሪካ መሪው በግራ ነው፤ የሚነዳውም በግራ መንገድ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረን የለም። ዳገቱን ስንወጣ እናቴ ሲያማትቡ ነበር።) ተራራውን ተሻግረን ቁልቁል ስንወርድ ያ ሰፊ ነጭ አሸዋ ታየኝ። ፎቶውን አውቀዋለሁ። ሾፌሩን "ይሄ ማገንስ አይደለም?" አልኩት። "አዎ" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። የድርጅታችሁ ማኅተም አለበት። "4 ሰው፣ ማገንስ ቤይ" ይላል። ኮኪ የሚል ነገር የለም። ኮራል ወርልድ የሚል የለም። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ አያይዤዋለሁ። እባክዎ ቀኑን ይመልከቱ። የተጻፈው እኛ ማያሚ ከመሳፈራችን በፊት ነው።

እዚያው አሸዋው ላይ ቆሜ ለቢሮአችሁ ደወልኩ። ያው ልጅ አነሳው።

"ማገንስ ነው ያመጡን" አልኩት።

"አዎ፣ ምርጥ ቦታ ነው!" አለኝ።

"የተባባልነው ኮኪ ነው።"

"እህቴ፣ ባህር ባህር ነው። ዓሣ የሌለበት ባህር የት አለ?"

"እዚህ። ቆሜበታለሁ።"

ሳቀ። ከዚያ ያለኝን ቃል በቃል እጽፋለሁ፦ "ታዲያ ትንሽ ገባ በይ እንጂ፤ ዳር ቆመሽ ዓሣ ከየት ይመጣልሻል?"

ከአውራ ጣቱና ከአበባው ዘመን "እርስዎ" በአንድ ጊዜ "አንቺ" መሆኔን ልለፈው። ግን ይህ ልጅ የሚያወራው ዋና ከማይችሉ አሮጊትና ከሁለት ሕፃናት ጋር ላለች ሴት ነው። ገባ በይ! እናቴ ዋና እንደማይችሉ ደግሜ ነገርኩት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ "ዋና የማይችል ሰው ስኖርክሊንግ ምን ያደርግለታል?" ይህንን ጥያቄ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ በደስታ እመልስለት ነበር። አሁን ግን "ሌላ ደንበኛ መስመር ላይ አለብኝ" ብሎ ዘጋው። መልሼ ደወልኩ። አልተነሳም።

ትልቁ ልጄ ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራል እየጋጠ ነጭ አሸዋ አድርጎ እንደሚያወጣው አንብቧል። በእጁ አሸዋ ዘግኖ መጣና "እማዬ፣ አሸዋው ይኸው፤ ያወጣው ዓሣ የታለ?" አለኝ። ጥያቄውን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። እናቴ ደግሞ እኔን ሊያጽናኑ "ተይው፣ ንፋሱም ጥሩ ነው" ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ማን እንዳነሳው እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ላይ ጎናችን የነበሩት ቤተሰብ ቪዲዮ አሳዩን። በመርከቡ ጉብኝት ኮኪ ውለዋል። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ዓሣ የልጃቸውን እግር ከቦታል።

ቪዲዮውን የማነሳው ቢሮአችሁ ኋላ ላይ "ማዕበል ስለነበር ነው የቀየርነው" ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። በክረምት ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣ ማዕበል የደሴቶቹን ሰሜናዊ ዳርቻ እንደሚመታ እኔም አንብቤያለሁ። ግን ማገንስም እኮ የሰሜን ዳርቻ ነው! ማዕበል ፈርታችሁ ቢሆን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወዳለው ሲክሬት ሃርበር ትወስዱን ነበር፤ እዚያ ደግሞ ኮራልም ዓሣም አለ። በዚያ ላይ ወረቀቱ የተጻፈው ከጉዞው በፊት ነው። ማዕበሉን አስቀድማችሁ አያችሁት?

የማዕበሉ ነገር አላዋጣ ሲል "አርፍዳችሁ ነው" ተባልኩ። እስቲ ስለ ሰዓቱ እናውራ። የላካችሁት መልእክት "ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደቡ ላይ" ይላል። በማን ሰዓት? ሴንት ቶማስ በክረምት ከማያሚ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። መርከባችን ደግሞ በማያሚ ሰዓት ነው የቆየው። እኛ በመርከቡ 3 ሰዓት ወረድን፤ ሾፌሩ በደሴቲቱ 3 ሰዓት መጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሰው በየዓመቱ ወደዚያ የሚልክ ድርጅት ይህን አያውቅም ማለት ይከብደኛል።

ከጀመርኩ አይቀር፣ የጾሙን ነገር ልጨምር። እናቴ የገና ጾም ላይ ነበሩ። "ለመርከቡ አሳውቀናል፤ የጾም ምግብ ይዘጋጃል" ብላችሁን ነበር። አስተናጋጁ ግን ስለ ነገሩ የሰማው የለም። አትክልት ነው ብሎ ያመጣላቸው ፓስታ ላይ አይብ ተነስንሷል። እናቴ ያንን ሁሉ ቀን በዳቦ፣ በሙዝና በሰላጣ ነው የጨረሱት፤ በአንድ ሰው የከፈልነው ግን ከነሥጋው ነው። ጎን ለጎን ይሆናሉ የተባሉት ክፍሎችም ሁለት ፎቅ ተራርቀው ነው የተገኙት። "ይዛችሁ ኑ" ብላችሁ በላካችሁት ዝርዝር ላይ ያለው የፀሐይ ቅባት ደግሞ ኦክሲቤንዞን ያለበት ነው። ይህ ኬሚካል ኮራል ስለሚጎዳ በቨርጂን አይላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ታግዷል። ዝርዝሩን ያነበበው ሰው የለም እንጂ ገዝቼ የመጣሁትን መጣል ባላስፈለገኝ ነበር።

አሁን ወደ መልሳችሁ ልምጣ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የቀረበልኝ በሚቀጥለው ጉዞ የ50 ዶላር ቅናሽ ነው። ገጻችሁ ላይ 5 ኮከብ ከሰጠሁ ደግሞ 75 ይሆናል ተባልኩ። ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከእናንተ ጋር ሁለተኛ ጉዞ ማን ያስባል?

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የሴንት ቶማሱ 480 ዶላር ሙሉውን ይመለስልኝ። የመነጽሮቹ ማስያዣ 40 ዶላርም ይመለስ፤ መነጽሮቹን ለሾፌሩ አስረክቤያለሁ፤ የእናቴ እንዲያውም አዲስ ነው። የእናቴ ፎቶ ዛሬውኑ ይነሳ። ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ማስታወቂያውን ያየ ሰው ስላለ፣ ፎቶው ማገንስ ቤይ መሆኑንና እዚያ ስኖርክሊንግ እንዳልነበረ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። የቢሮአችሁ ልጅም ራሱ ለእናቴ ይደውልና ይቅርታ ይጠይቅ። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው። ዋና ለማይችል ሰው ስኖርክሊንግ ምን እንደሚያደርግለት እሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ክፍያውን በክሬዲት ካርድ ባንኬ በኩል እከራከራለሁ። ዋትስአፑን፣ የሾፌሩን ወረቀትና የፌስቡኩን ፎቶ አያይዤም ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገባለሁ። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ።

የደብራችን የእናቶች ማኅበር ለፋሲካው ጉዞ ከእናንተ ጋር ሊመዘገብ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ ስለሄድኩበት እንዴት ነበር ብለው ጠይቀውኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።

ገንዘቡ በቼክ፣ ደረሰኙ ላይ ባለው አድራሻ ይላክልኝ። በቅናሽ ኩፖን እንዳይሆን።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ የነበርኩ