ድምፃችን ለአሠሪዎቻችን አይሰጥብን

ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ግልባጭ፦ ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፦

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የአንድ የመሐንዲሶች የሙያ ማኅበር አባል ከሆንኩ 13 ዓመቴ ነው። የማኅበሩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ነገሩ ገና አላለቀም፤ ሊስተካከል ይችላል። ስም መጥራቱ ከመቀያየም ሌላ ምንም አይፈይድልንም።

ከሁለት ወር በፊት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ፒዲኤፍ ተለቀቀ። የተሻሻለ የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ነው። ማኅበሩ «እንደ አዲስ ይደራጃል» ይላል። አስተያየት እንድንሰጥ የተሰጠን ጊዜ አምስት ቀን ነበር። አብዛኞቻችን ደግሞ ሳይት ላይ ነን። ኔትወርክ በማይደርስበት የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ያሉ ባልደረቦቼ ሰነዱን ያዩት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ረቂቁ ብዙ ነገር ይነካል። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ ግን ሦስት ነገሮች ናቸው። የክልል ቅርንጫፎች ተዘግተው ሥራቸው አዲስ አበባ ባለው ጽሕፈት ቤት ይጠቃለላል። የኮንትራክተርና የአማካሪ ድርጅቶች ደግሞ «ድርጅታዊ አባል» ሆነው በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጣሉ። የድምፃቸው ብዛትም በሚከፍሉት መዋጮ ልክ ይሆናል። ከተመረቀ አምስት ዓመት ያልሞላው መሐንዲስ «ተባባሪ አባል» ይባላል። መዋጮ ይከፍላል፣ ሥልጠና ይወስዳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ይህ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እንዳልሆነ የማውቀው ባየሁት ነገር ነው፤ ልንገርዎ።

ከአራት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥራ ላይ አንዲት ወጣት የሳይት መሐንዲስ ነበረች። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ፕላኑ ላይ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተባለበት ቢም (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) ባለ 14 ታስሮ አገኘችው። ባለ 16 ገበያ ላይ ጠፍቶ ነበር፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የፌሮው ቁጥር ሳይጨመር 16ቱ በ14 ሲተካ በቢሙ ውስጥ ያለው ብረት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በማግሥቱ ሊሞላ ሚክሰር ታዟል። «አይሞላም» አለች። አለቃዋ ደወለና «ነገ ካልተሞላ አንቺም ነገ እንዳትመጪ» አላት።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለማኅበራችን የደሴ ቅርንጫፍ አስተባባሪ ደወለች። ጠዋት በማለዳ ሁለት አንጋፋ አባላት ከደሴ ወርደው መጡ። ሥራ የማስቆም ሥልጣን አልነበራቸውም። ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው ስሌቱን ሠሩ። ያየችውን በሳይት መዝገብ ላይ እንዴት እንደምትጽፍ፣ ለተቆጣጣሪው አማካሪ እንዴት በደብዳቤ እንደምታሳውቅ አሳዩአት። ከዚያ ለአለቃዋ በእርጋታ አስረዱት። ተጨማሪ ፌሮ ታሰረ። ሶሌታው ከአራት ቀን በኋላ ተሞላ። እሷም ከሥራዋ አልተባረረችም። ይህን የማውቀው ስሌቱን እንዳየው በዚያው ጠዋት ስለላኩልኝ ነው።

ሕጉና የግንባታ ኮዱ ያን ሌሊትም ነበሩ። እሷ ግን ብቻዋን ነበረች። የሙያ ምዝገባችንን የሚሰጠን መንግሥት ነው፤ ደመወዛችንን የሚከፍለን አሠሪያችን ነው። ማንም ሳይቀጥረን፣ በራሳችን ስም፣ መሐንዲስ ሆነን ብቻ የምንሰበሰብበት ቤት ይህ ማኅበር ነው። ረቂቁ ከጸደቀ የምትደውልበት የደሴ ቅርንጫፍ አይኖርም። እንደ ያኔዋ እሷ ያለች ወጣት ድምፅ አይኖራትም። «እንዳትመጪ» ያላት ድርጅት ግን ድምፅ ይኖረዋል፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ።

ቦታው ኮምቦልቻ መሆኑም ለእኔ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ካራቆሬን ያልፋሉ። በ1953 ዓ.ም. እዚያ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። ያ የአያቶቻችን ወሬ ነው እንዳንል፣ በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። በታኅሣሥ መጨረሻ የደረሰው በሬክተር ስኬል ከ5.5 በላይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ በሌሊት ልብስ እየሮጠ የወጣውን ሰው ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ሰሞን ጎረቤቶቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቤታችን ይችላል ወይ?» መልሱ ያለው በቢሙ ውስጥ በታሰረው ፌሮና ሲታሰር ቆሞ ባየው የሳይት መሐንዲስ ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ካለው ጽሕፈት ቤት ሆኖ ያንን ማየት አይቻልም።

የማኅበሩ አመራሮች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ችግራቸውን አውቃለሁ። የቢሮ ኪራዩ ጨምሯል። አብዛኛው አባል መዋጮ አይከፍልም፤ እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሳልከፍል ቀርቼ ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ጉባኤ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም። ድርጅቶች ገንዘብ አላቸው፣ ከስብሰባም አይቀሩም። ስለዚህ ወደ እነሱ ማዘንበሉ የመጣው ከድካም ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቶች ይርዱን፤ ሥልጠናችንን ስፖንሰር ያድርጉ፤ ታዛቢ ሆነውም ይቀመጡ። ድምፁን ግን ለእኛ ይተዉልን።

ክቡርነትዎ፣ ቤታችን ገብተው እንዲፈተፍቱ አልለምንዎትም። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን መሥሪያ ቤቱ በማኅበራት ላይ የነበረውን ጫና የቀመስን ሰዎች ነን። ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ ያገኘ ድርጅት በመብት ጉዳይ መሥራት የማይችልበት ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የምጠይቀውም ይኸው አዋጅ እንዲከበር ነው። አዋጁ የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው ይላል። የሙያ ማኅበር ሙያን መሠረት አድርጎ የሚቋቋም እንደሆነ፣ የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ ሙያዊ ሥነ ምግባርንም ማሳደግ ዓላማው ሊሆን እንደሚችል ይተረጉማል። ድርጅት ንግድ ፈቃድ አለው፤ ሙያ ያለው ግን በውስጡ የሚሠራው ሰው ነው። የአሠሪና የተቀጣሪ ጥቅም በተጋጨ ቀን፣ ብዙ ድምፅ በአሠሪው እጅ ያለበት ማኅበር የማንን መብት ሊያስጠብቅ ነው?

ስለዚህ የተሻሻለው ደንብ ለምዝገባ ቢሮዎ ሲደርስ፣ ማኅተም ከመደረጉ በፊት ቃለ ጉባኤው በደንብ ይታይልን። ረቂቁ ለአባላት መቼ ደረሰ? የክልል አባላት እንዴት ተጠሩ? ስንት ሰው ተገኘ፣ ስንቱስ ደገፈ? ድምፃቸውን የሚያጡት ወጣቶች በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጥተዋል? መልሱ ካልጠራ ደንቡ ወደ ጉባኤው ይመለስ። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ሚኒስቴሩንም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በኮድና በመመሪያ ረቂቅ ላይ «ማኅበሩ አስተያየት ሰጥቷል» ሲባል፣ አስተያየቱ የመሐንዲሶች ነው ወይስ የድርጅቶች ብላችሁ ጠይቁ።

ጉባኤው የተጠራው ለሚቀጥለው ወር ነው። ያቺ የኮምቦልቻ ልጅ ዛሬ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በአዲሱ ደንብም ድምፅ ይኖራታል። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። «እኔስ እመርጣለሁ» አለችኝ፤ «ከእኔ ሥር ሁለት ልጆች አሉ፤ ዘንድሮ ነው የተመረቁት። እነሱ ማታ ለማን ነው የሚደውሉት?» ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የማኅበሩ አባል