የሼርሎክ ሆምስ ግምት ዲዳክሽን ነውን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዛዊው የልብ ወለድ መርማሪ ስለ ሼርሎክ ሆምስ ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ በደስታ አነበብሁት። ሆኖም ጸሐፊው ለዲዳክሽን (ከመነሻ ሐሳቦች የግድ የሚከተለውን መደምደሚያ ለማውጣት) ማሳያ ያደረጉት፣ ሆምስ የኋላ ባልደረባው ዶክተር ዋትሰን ከአፍጋኒስታን መምጣቱን ያወቀበት ታሪክ ዲዳክሽን አይደለምና፣ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሎጂክ የሚያስተምር ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

በዲዳክሽን፣ መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ከቶ አይችልም። ሆምስ ግን እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ዶክተር ዋትሰን ከአፍጋኒስታን መምጣቱን ገና ሲተዋወቁ የነገረው፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ የእጁ አንጓ ነጭ መሆኑን፣ ገጽታው መጎሳቆሉን፣ ግራ ክንዱ እንደ ልብ አለመታዘዙን፣ ሁኔታውም የጦር ሐኪም መምሰሉን አይቶ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሰውየው ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችል ነበር፤ እንግሊዞች በዚያው ሰሞን፣ በ1879፣ በደቡብ አፍሪካ ከዙሉዎች ጋር ተዋግተዋልና። (ዘመኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቢቀድም ኖሮ ከመቅደላ የተመለሰ ነው ብንል ማን ይከለክለን ነበር?)

ነገሩ ምልክትን አይቶ ምክንያቱን መገመት ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ራሱ ሐኪም ነበር፤ ሆምስንም የቀረጸው፣ ኤዲንብራ ሲማር ያስተማረውን፣ ሕመምተኛውን አይቶ ሙያውን ይናገር የነበረውን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን አስቦ ነው። ከዓባይ በረሃ ትኩሳት ይዞት የወጣን ሰው ነርሷ ወባ ነው ብላ ትጠረጥራለች፤ ጠርጥራ ግን አትቀርም፣ ጣቱን ወግታ ደሙን ታስመረምራለች።

እኔ ይህን ባለማድረጌ አፍሬአለሁ። ከደጀን ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ በተቀመጡ ጎልማሳ የኮት እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አየሁና «የት ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት?» አልኋቸው። እየሳቁ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ፤ ልብስ ሰፊ ኖረዋል። ጠመኔው እውነት፣ መደምደሚያዬ ሐሰት!

ጸሐፊው ትክክለኛ ዲዳክሽን ከፈለጉ፣ በ1892 የወጣውን፣ የጠፋውን የእሽቅድምድም ፈረስ ታሪክ በጠቀሱልን ነበር። ፈረሱ የተወሰደ ሌሊት የጋጣው ውሻ አልጮኸም። ባዕድ ቢገባ ኖሮ ይጮኽ ነበር፤ አልጮኸም፤ ስለዚህ የገባው ባዕድ አልነበረም። ቅርጹ እንከን የለውም፤ የሚያከራክር ቢኖር የመጀመሪያው መነሻ ብቻ ነው፤ የጎጃም ገበሬም እዚያችው ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ አጥንት ተወርውሮለት ዝም ያለ ውሻ ስንቱን በሬ አስነድቷል!

ተማሪዎቼ ጽሑፉን ቆርጠው በደብተራቸው ለጥፈውታል፤ ፈተናቸውም ደርሷል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አጭር ማስተካከያ እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሎጂክ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ