መኪናው ቢመጣ ውሃውን ከየት ይቀዳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በወሎ ትንንሽ ከተሞች የገበያ ሱቅ በተቃጠለ ቁጥር ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእሳት አደጋ መኪና ይገዛልን»። ተገቢ ጥያቄ ነው። መኪናው ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ ግን የሚጠይቅ አይገኝም።

5,000 ሊትር የጫነ መኪና በሁለት ቱቦ በደቂቃ 800 ሊትር ቢረጭ ስድስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ አለቀ። ተመልሶ በደቂቃ 60 ሊትር ከሚሰጥ ባለ አንድ ኢንች ቧንቧ ልሙላ ካለ ደግሞ ከ80 ደቂቃ በላይ ይቆማል፤ ያውም የዕለቱ የውሃ ፈረቃ የዚያ ሰፈር ከሆነ ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በቆርቆሮና በሸራ የተያያዘ የሱቅ ረድፍ ይህን ያህል አይጠብቅም። ከሌላ ከተማ ድረሱልን ማለትም ቢሆን ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውሃ የጫነ ከባድ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ እንደ ሚኒባስ አይበርም።

የሚያዋጣው ከከተማው ሪዘርቫየር (የውሃ ማጠራቀሚያ) ላይ ለእሳት የሚሆን ውሃ ማስቀረት ነው። ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር የሆነ ክብ ሪዘርቫየር የታችኛው 60 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ 30,000 ሊትር ይይዛል፤ ስድስት ሙሌት ማለት ነው። አንዳንዱ ወደ ከተማ የሚወርደውን ቧንቧ አፍ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይገላገላል። ይህ ስህተት ነው፤ ከታች የቀረው ውሃ ሳይንቀሳቀስ ይበላሻል። ቧንቧው ከታች ቀድቶ፣ እዚያው ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ ተቆልምሞ ይውረድ፤ በቆልማማው አናት ላይም ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለት። ቀዳዳዋ ከተረሳች ቧንቧው አንዴ መምጠጥ ከጀመረ የእሳቱን ድርሻ ጭምር አሟጦ ይወስደዋል።

ለመኪናው ደግሞ ከወለሉ የሚነሳ ባለ 3 ኢንች መስመር ከነቫልቩ ለብቻው ይውጣለት፤ ሪዘርቫየሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነና መስመሩ ካልረዘመ መኪናው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ቫልቩ በወር አንዴ ካልተከፈተና ካልተዘጋ ዝጎ ይነክሳል። ቁልፉ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ከሚሄድ ሠራተኛ ጋር ሳይሆን ከዘበኛው ጋር ይደር።

የሐይቅ ከተማን ለመሰለ፣ ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ ሌላም ምርጫ አለ፤ ውሃው ዳር መኪና የማይሰምጥበት ጠጠር የተደለደለ መቆሚያ ማዘጋጀት። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ የፓምፕ የመሳብ አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ከውሃው ገጽ እስከ ፓምፑ ያለው ከፍታ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የመሳቢያው ቱቦ ሲሳብ የማይጨማደድ፣ ጫፉ ወንፊት ያለውና ቢያንስ ግማሽ ሜትር የጠለቀ ይሁን። መገጣጠሚያው ላይ ጥቂት አየር ከገባ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይስብም።

ስለ ገበያው መንገድ ጥበት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በባቲ የሰኞ ገበያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በሱቆች መካከል ወርዱም ከፍታውም 4 ሜትር የሆነ፣ ሸራ ያልተወጠረበትና ሽቦ ያልተንጠለጠለበት መተላለፊያ ይኑር። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ሱቅ በሚጠቀምበት ረድፍ ዋናው ማጥፊያ ከውጭ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይደረግ። መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ የሚደፋ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በመዳብ ሽቦ መተካቱም ይቅር፤ 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ከሠራ ሽፋኑ ቆርኔስ ውስጥ ሲቀልጥ ማንም አያይም።

በመጨረሻ፣ ከውጭ በእርዳታ የሚመጡ መኪኖች የቱቦ መገጣጠሚያቸው የየሀገራቸው ነው፤ ስቶርዝ የሚባለው የጀርመኑ መገጣጠሚያ ማቺኖ ከሚባለው ከጃፓኑ ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱም ከእኛ ባለጥርስ ቧንቧ ጋር አይገጥሙም። መኪናው ርክክብ በተደረገበት ሳምንት አፉ ተለክቶ ከእኛ ቧንቧ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ይቀረጽለት። አዳፕተሩም መኪናው ላይ በሰንሰለት ይታሰር እንጂ ንብረት ክፍል አይቆለፍበት፤ ንብረት ክፍል ሌሊት አይከፈትም።

በውሃ አቅርቦትና በእሳት አደጋ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ከደቡብ ወሎ