የመንደርደሪያው ጫፍም ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ፦

የክልል ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ሊታደስ ነው ሲባል ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው ስለ መንገደኞች አዳራሹ ነው። እኔ ግን የምለምነው ስለ አጥሩና ስለ አስፋልቱ ጫፍ ነው።

በቅርቡ በአንድ ትንሽ ማረፊያ በረራ ስጠብቅ የተቀደደው የሽቦ አጥር በእሾህ ተደፍኖ አየሁ። በዚያው ቀዳዳ አንድ ጥጃ አንገቱን አሾልኮ በመንደርደሪያው ዳር የበቀለውን ለምለም ሣር ይግጣል፤ እረኛው ልጅ ጭራውን ይዞ ይጎትታል። ልቤ ቀጥ አለ።

ባሕር ዳርን የሚያስታውስ ሰው ይህን አቅልሎ አያይም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚያ የተነሣ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ሜዳ ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። እርግብ ነው ይህን ያደረገው! ሣር ማጨድ፣ ቆሻሻ መጣያን ማራቅ፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት መንደርደሪያውን ዞሮ ማየት የነፍስ ጉዳይ ነው።

ጫፉን በተመለከተ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከመንደርደሪያው መጨረሻ 60 ሜትር አልፎ ቢያንስ 90 ሜትር የተስተካከለ ባዶ መሬት እንዲኖር ይጠይቃል፤ ለረጃጅሞቹ 240 ሜትር ይመክራል። በደጋ አገር አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ብዙ ይንደረደራል፣ ሲያርፍም ፈጥኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤት ሳይሠራበት መሬቱ በከተማው ፕላን ዛሬውኑ ይከለል፤ ለሚነሣው ገበሬም ካሳው ሳይውል ሳያድር ይከፈለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መንገደኛ