ለልጄ፣ ወደ ሴኡል ከመሄድሽ በፊት

ሚሚዬ፣ የኔ ዓለም፣

ትናንት በስልክ "ሜይ 11 ሴኡል ዝግጅት ላይ ተጋብዣለሁ" ስትዪኝ ደህና አድርጌ አልመለስኩልሽም። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ይኼን ጻፍኩ። በአማርኛ የሆነው የሆዴ በእንግሊዝኛ ስለማይወጣልኝ ነው። ያልገባሽን ቃል አክብቢበትና ደውዪ፣ ድሮ እንደምናደርገው።

ቀኑን አውቀዋለሁ። ኮሪያዎቹ የጉዲፈቻ ቀን ይሉታል፤ በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ ያከብሩታል። በእኛ ግንቦት 3 ነው፣ ልደታ ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ሜይን የቤተሰብ ወር ይሉታል፤ በዚህ ወር አንድ ቤተሰብ አንድ ልጅ ይውሰድ፣ አዲስ ቤተሰብ ይሁን ነው ነገሩ። ልጆቻችንን ወደ ውጭ አንላክ፣ እዚሁ እናሳድግ ማለታቸው ነው። መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን አደራሽን፣ "እናቱስ?" ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳታጨበጭቢ።

እኔ አጨብጭቤያለሁ።

1985፣ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት። በዚያ ዓመት ብቻ ከ8,800 በላይ ሕፃናት ከኮሪያ ወጥተዋል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ያን ያህል አልወጣም። ያኔ ይኼን የት አውቄ! አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካሜራ ይዟል። ይዛሽ የመጣችው ሴትዮ ከበሩ ብቅ ስትል የቆመው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። አንቺ ደንግጠሽ አለቀስሽ። የአምስት ወር ልጅ ነሽ። ግራ እጅሽ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነበር፤ ጠብቆ ቆዳሽን አቅልቶታል። ቤት ስንገባ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼሽ በመቀስ ቆረጥኩት። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ወረቀትሽ "ወላጅ የሌላት" ይል ነበር። አመንኩት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ "እናቴስ?" አልሽኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል "ሞታለች" አልኩሽ። ማን ነገረኝ? ማንም። ከሁለት ዓመት በፊት ፋይልሽ ሲመጣ ስሟ ተጽፏል። 19 ዓመቷ፣ ያላገባች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናትሽን ገድዬብሽ ኖርኩ። ፋይሉ የመጣ ቀን ሻይ አፈላሁልሽ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሳልሰማ አለመቅረቴ ነው። አጎቴ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ወታደር እንደነበር ታውቂያለሽ። ኮሪያ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው፤ አንቺንም ወደዚህ ቤት ያመጣሽ የሱ ወሬ ነው። ዘማቾቹ በ1953 ዶንግዱቾን በምትባል የኮሪያ ከተማ ለነበረው የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ሲደርሱ እሱም ከራሽኑ ይቆነጥር ነበር። ቡና ሲጠጣ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበረው፦ "ወላጅ አልባ ይሏቸዋል እንጂ አንዳንዶቹ እናት አላቸው። አጥሩ ጋ መጥታ ቆማ አይታው ትሄዳለች።" ሲኒውን እየተቀበልኩ ሰምቼዋለሁ። ያን ሰምቼ ነው ሞታለች ያልኩሽ።

በ2025 ማርች ላይ የኮሪያዎቹ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ይኸንኑ አወጣ። እንዳንቺ በጉዲፈቻ የሄዱ 367 ሰዎች ከ11 አገር አቤት ብለው፣ ወላጅ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው መመዝገባቸው ተረጋገጠ። በኦክቶበር ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያው ዓመት ጁላይ ወዲህም ጉዲፈቻው ከግል ድርጅቶች ወጥቶ መንግሥት እጅ ገብቷል። ደግ አደረጉ። ግን ልጁ እዚያው አገሩ ቢያድግም ያው ነው፤ እናቱ የሰጠችው የቤት ኪራይ አጥታ፣ የሰው ዓይን ፈርታ ከሆነስ? ያቺ የ19 ዓመት ልጅ አንድ ሰው "አይዞሽ፣ አሳድጊያት" ቢላት ኖሮ አንቺን ትሰጥ ነበር? አትሰጥም ነበር። እኔም አላገኝሽም ነበር። ይኼን እያወቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

ስለዚህ ሳትጠይቂ እንዳታጨበጭቢ። ሕፃን ያቀፉ ባልና ሚስት መድረክ ላይ ሲወጡ ሆድሽ ይባባል፣ አውቅሻለሁ። ልጁን ደባብሺው፣ ወላጆቹንም ሳሚያቸው። ከዚያ እናቱን ያውቃታል ወይ በዪ። በሚስጥር የሚያሳድጉ አሉና እንዳይደብቁት ንገሪያቸው፤ እኔን አንሺ፣ ስሜን ጥሪ፣ አላፍርም። ከ2011 ጀምሮ በዚያው ቀን ያላገቡ እናቶችም የራሳቸውን ቀን ያከብሩ ነበር፤ እንዳንቺ ያሉ ልጆችም አብረዋቸው ቆመዋል። እነሱንም ሳታዪ እንዳትመጪ።

የዜግነት ወረቀትሽን ዋናውን እዚህ ተዪው፣ ኮፒውን ብቻ ያዢ። አባትሽ ተመላልሶ ነው ያስጨረሰው። ወላጆቻቸው ሳያስጨርሱላቸው ቀርተው፣ ካደጉ በኋላ ወደ ኮሪያ የተባረሩ አሉ። ካልሲ ደህና ደህናውን ያዢ፣ ሰው ቤት ጫማ ይወልቃል። የጨጓራ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ፤ በባዶ ሆድሽ ያን የሚያቃጥል ነገር አትብዪ።

ማሰሪያውን ከመሳቢያው አውጥቼዋለሁ። በፖስታ አድርጌ ሻንጣሽ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የወለደችሽን እናትሽን ካገኘሻት አሳዪያት። የቆረጥኩት እኔ መሆኔንም ንገሪያት።

ስትደርሺ ደውዪ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም ግድ የለም፣ ስልኩ ትራሴ ሥር ነው።

እናትሽ